የደንስት ማስታወሻ፦ ኖቲፊኬሽን መቼ ይምጣ፣ መቼ ይሂድ

ማሽኑ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ነው፤ ኤክስ 11 (ስክሪን ላይ መስኮቶችን የሚያሳየው ሥርዓት) ላይ አይ-ስሪ የሚባል ዊንዶው ማኔጀር፣ ማለትም መስኮቶችን የሚደረድር ፕሮግራም። ቀድሞ ኤክስኤፍሲኢ የሚባል ሙሉ ዴስክቶፕ ነበረበት፣ ፓኬጆቹ አሁንም አሉ። ደንስት፣ ማለትም ኖቲፊኬሽን ተቀብሎ በሳጥን የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ከዲስትሮው (ከሊኑክስ ስሪቱ) ማከማቻ የተጫነ 1.9 ነው። ወጪ፦ ገንዘብ የለም፣ የማታ ሰዓት ብቻ።

ሥራውን ያስጀመረኝ መልኩ አይደለም። የድምፅ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ቀኝ ጥግ ላይ ሳጥን በሳጥን ላይ ይደረደራል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ግን ምንም አይመጣም። ሁለቱን ማገለባበጥ ነው የፈለግኩት።

ማን ነው የያዘው?

ደንስትን ከጫንኩ በኋላ ከተርሚናል በኖቲፋይ-ሰንድ (ኖቲፊኬሽን የሚልክ ትእዛዝ) ሙከራ ላክሁ። የመጣው ያው የድሮው የኤክስኤፍሲኢ ሳጥን ነው። ደንስትን በእጄ ላስነሳው ስል ደግሞ ስሙ በሌላ ፕሮሰስ (እየሠራ ባለ ፕሮግራም) መያዙን ከፕሮሰሱ ቁጥር ጋር ነግሮኝ ተዘጋ።

ሊኑክስ ላይ ኖቲፊኬሽን የሚልክ ፕሮግራም ሳጥኑን ራሱ አይስልም። በዲ-ባስ (ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ) በኩል «ኦርግ ዶት ፍሪዴስክቶፕ ዶት ኖቲፊኬሽንስ» ወደሚባል ስም 8 ነገር የያዘ ጥሪ ይልካል፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የሚተካው የቀድሞ ኖቲፊኬሽን ቁጥር፣ አይከን፣ ርእስ፣ ዝርዝር ጽሑፍ፣ ሊጫኑ የሚችሉ ምርጫዎች፣ ተጨማሪ ፍንጮች፣ የሚቆይበት ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ የት ይውጣ፣ ምን ያህል ይቆይ፣ ጭራሽስ ይታይ ወይ የሚለው፣ የተቀባዩ ፕሮግራም ፈንታ ነው። ስሙን ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነው። ጂኖምና ኬዲኢ ላይ የሚይዘው ዴስክቶፑ ራሱ ስለሆነ ይህ ማስታወሻ እዚያ ብዙም አይጠቅምም፤ እንደ አይ-ስሪ ላሉት ባዶ አካባቢዎች ነው።

ያዡን ለማወቅ የዲ-ባስ መጠየቂያውን ባስ-ሲቲኤልን በተጠቃሚ ደረጃ ስለዚያ ስም ጠየቅኩት። የፕሮሰሱን ቁጥርና ስም ሰጠኝ፦ የኤክስኤፍሲኢ ኖቲፋይ-ዲ። እሱን ብገድለው የሚቀጥለው ኖቲፊኬሽን ሲመጣ መልሶ ተነሣ። ምክንያቱ የዲ-ባስ ሰርቪስ ፋይሎች ናቸው፤ ስሙን የያዘ ሰው ከሌለ ዲ-ባስ ፋይሉን አንብቦ ፕሮግራሙን ራሱ ያስነሣል። በሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ለአንድ ስም ሁለት ፋይል ተቀምጧል፣ የደንስትና የኤክስኤፍሲኢ።

ፓኬጁን መንቀል አንድ መፍትሔ ነበር፤ ግን ሌሎች የኤክስኤፍሲኢ ክፍሎችን አብሮ ሊጎትት ስለሆነ ተውኩት። ይልቅ በሆም ፎልደር፣ «ዶት ሎካል» ስር፣ «ሼር» ውስጥ፣ «ዲባስ-1» ከሚባለው «ሰርቪስስ» የሚል ፎልደር ፈጠርኩና 3 መስመር ያላት ፋይል አስቀመጥኩ፦ የክፍሉ ርእስ፣ ስሙ፣ እና ደንስት ያለበት ሙሉ አድራሻ። የተጠቃሚው ፎልደር ከሲስተሙ ስለሚቀድም ጠቡ አበቃ። ወጥቼ ገባሁ፣ ሙከራ ላክሁ፣ የደንስት ሳጥን መጣ።

ይቺን ደረጃ ዘሎ ወደ ቀለም መግባት ጊዜ መጨረስ ነው። ኮንፊጉን (የማስተካከያ ፋይሉን) የፈለጉትን ያህል ቢቀይሩት የሚያነበው ፕሮግራም ካልተነሣ ምንም አይለወጥም።

መልክ

ይህ ክፍል አጭር ነው። ነባሪውን ኮንፊግ ከኢቲሲ ፎልደር ወደ ሆም፣ «ዶት ኮንፊግ» ስር ወዳለው የደንስት ፎልደር ቀዳሁት። ስፋት 360፣ ቦታ ቀኝ ከላይ፣ ከጥግ ራቅ ያለ፣ ፍሬም 1 ፒክሰል፣ ጀርባው ጥቁር ግራጫ። አስቸኳዩ ብቻ ቀይ ፍሬም አለው። ሁሉም ሳጥን ቀይ ከሆነ ቀይ ማለት ምንም አይደለም።

ማሳሰቢያ ለሚቀዳ ሰው፦ ብዙ ቦታ የሚገኘው ኮንፊግ «ጂኦሜትሪ» የሚል አንድ መስመር አለው። እሱ ከ1.7 በፊት የነበረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስፋት፣ ቁመት፣ መነሻና ርቀት ለየብቻ ይጻፋሉ። በ1.12 ደግሞ ቁመት በቅንፍ ውስጥ ትንሹና ትልቁ በጥንድ የሚጻፍ ሆኗል። ከመቅዳት በፊት ቨርዥን ማየት ያስፈልጋል።

የእኔ ቨርዥን ኮንፊጉን ሳይዘጋ መልሶ የማንበብ ትእዛዝ የለውም። ስለዚህ አሠራሬ ይህ ነው፦ ደንስትን እገድላለሁ፣ በሦስቱም ደረጃ (ዝቅተኛ፣ መደበኛ፣ አስቸኳይ) አንዳንድ ሙከራ የምትልክ ትንሽ ስክሪፕት አስኬዳለሁ፣ ዲ-ባስ ራሱ ደንስትን ያስነሣዋል። ስክሪፕቷ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ፣ አይከን የሌለው፣ አይከን ያለው፣ እና በግዕዝ የተጻፈ አለ።

የግዕዝ ፊደል

የግዕዙ ሙከራ ችግር አወጣ። ነባሪው ፎንት ሞኖስፔስ 8 ነው። ለላቲን ይነበባል። ለግዕዝ ግን በዚያ መጠን ጨ እና ጬ፣ ሰ እና ሸ ዐይን አስጠግቶ ካልሆነ አይለዩም። ሞኖስፔሱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ፎንት መራጩ ፎንትኮንፊግ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ማሽኑ ላይ ያገኘውን ይሰጣል እንጂ ያማረውን አይመርጥም። ማን እንደተመረጠ ለማወቅ የፎንትኮንፊግን ትእዛዝ ኤፍሲ-ማችን ለአማርኛ ቋንቋ ጠየቅኩት፤ ያልጠበቅኩት፣ ጭረቱ ቀጭን የሆነ ፎንት ወጣ።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫንኩ። በደንስት የፎንት መስመር ላይ ከአንድ በላይ ቤተሰብ በኮማ መደርደር ስለሚቻል መጀመሪያ ኖቶ ሳንስ፣ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መጠን 11 አደረግኩ። 10 ላይ ሞክሬ ነበር፤ የ11ዱ ልዩነት በተለይ እግር ባላቸው ፊደላት ላይ ይታያል። የመስመር ክፍተት በ2 ፒክሰል ጨመርኩ፤ ካልሆነ ሁለት የግዕዝ መስመሮች ይጠጋጋሉ።

ሌላ ያላሰብኩት ነገር፦ ጽሑፉ ከቦታው ሲበልጥ ደንስት በነባሪው መሃሉን ቆርጦ ነጥብ ያደርጋል። አስቀያሚ መስሎኝ መጨረሻው እንዲቆረጥ ቀየርኩት። ከዚያ የባካፕ ስክሪፕቱ «የፎቶ ፎልደሩን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ…» የሚል ሳጥን አሳየኝ። ተሳካ ወይስ አልተሳካም? አማርኛ ፍሬ ነገሩን ግሡ ላይ፣ ግሡን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የተቆረጠው ያ ነው። ወደ መሃል ቆረጣ መለስኩት። ከዚያም በላይ የስክሪፕቶቹን ርእስ ቀየርኩ፦ ርእሱ ላይ «አልተሳካም፦ ባካፕ»፣ ዝርዝሩ ከታች። የእንግሊዝኛ ሳጥኖች መሃላቸው ተቆርጦ ያስጠላሉ፤ ይቅር።

የድምፅ ክምር

የድምፅ ቁልፉ በአይ-ስሪ በኩል አንድ ስክሪፕት ይጠራል፤ ስክሪፕቱ ደብሊውፒ-ሲቲኤል በሚባል ትእዛዝ ድምፁን ይጨምራል፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ቁልፉን ተጭኜ ስይዘው ስክሪኑ በሳጥን ይሞላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት መተካት ነው። ኖቲፋይ-ሰንድ የላከውን ቁጥር ማተም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ያንን ቁጥር ተካ ማለት ይችላል። ቁጥሩን ፋይል ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ስጫን በትክክል ሠራ። ቁልፉን ስይዘው ግን ሁለት ስክሪፕት በአንድ ጊዜ ይነሣና ሁለቱም የድሮውን ቁጥር ያነባሉ፤ አንዳንዴ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ፋይል መቆለፍ ልጀምር ስል ደንስት የራሱ መንገድ እንዳለው ከማንዋሉ አየሁ፦ ስታክ ታግ። በፍንጭነት አንድ ስም ይላካል፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖቲፊኬሽን ሲመጣ የቀደመውን ይተካል። ፋይል የለም፣ ቁጥር ማስታወስ የለም። ለድምፅ «ድምፅ»፣ ለስክሪን ብርሃን «ብርሃን» ብዬ ሰየምኩ።

መስመር የሚመስል መለኪያ ለማሳየት «ቫልዩ» የሚባል ፍንጭ አለ፤ ሙሉ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ደብሊውፒ-ሲቲኤል ግን 0.45 ዓይነት ቁጥር ነው የሚያወጣው። ስክሪፕቱ የተጻፈበት ባሽ አስርዮሽ ስለማያሰላ ኦክ በሚባል ሌላ መሣሪያ በ100 አባዛሁት። ድምፁ ከ100 በላይ እንዳይወጣም ለደብሊውፒ-ሲቲኤል የ1.0 ገደብ ሰጠሁት፤ ሳይሰጠው ዝም ብሎ ያልፋል፣ መለኪያውም ትርጉም ያጣል።

አንድ ቀሪ ነበር፦ የድምፅ ሳጥኖች ሂስትሪውን (ያለፉትን ኖቲፊኬሽኖች ዝርዝር) ሞሉት። ያመለጠኝን መልእክት ላወጣ ስል የሚመጣው «ድምፅ 40» ነው። ለዚህ ስክሪፕት የፕሮግራም ስም ሰጠሁና ኮንፊጉ ላይ ያ ስም ሲመጣ ሂስትሪ ውስጥ አይግባ የሚል ሕግ ጻፍኩ።

ባትሪ

ብዙ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው።

መረጃው ቀላል ነው። ሲስ-ኤፍኤስ (ሊኑክስ የሃርድዌር መረጃ በፋይል መልክ የሚያቀርብበት ቦታ) ውስጥ የባትሪው ፎልደር ሁለት ፋይል ይሰጣል፦ አንዱ መቶኛውን፣ ሌላው እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ የሚለውን። ስክሪፕቱ ሁለቱን ያነባል፤ እየጎደለ ከሆነና ከ20 በታች ከወረደ በመደበኛ ደረጃ፣ ከ10 በታች ሲሆን በአስቸኳይ ደረጃ ይልካል። በየ2 ደቂቃው የሚያስነሣው የሲስተም-ዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) የተጠቃሚ ታይመር ነው። የሲስተም-ዲ ታይመር ትክክለኝነቱ በነባሪው እስከ 1 ደቂቃ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለባትሪ ችግር የለውም፣ ለሌላ ሥራ የሚጠቀምበት ግን ያንን መስመር ማጥበብ አለበት።

የመጀመሪያው አሠራር ይጮህ ነበር። 20 ላይ ይመጣል፣ እዘጋለሁ፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ 19 ብሎ ይመጣል። ስታክ ታግ እዚህ አይረዳም፤ የተዘጋን ነገር የሚተካ የለም፣ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበር አንድ ፋይል ላይ መጻፍ ግድ ሆነ። ፋይሉን ያስቀመጥኩት ተጠቃሚው ሲወጣ ራሱ በሚጠፋው የራን ፎልደር ውስጥ ነው፤ የትናንት ቁጥር ዛሬ እንዳያሳስተው። አሁን አንድ ጊዜ በ20፣ አንድ ጊዜ በ10፣ አንድ ጊዜ በ5 ይናገራል። ቻርጀር ሲሰካ ፋይሉ ይሰረዛል።

ቀጥሎ የመጣው ተቃራኒው ነው። አስቸኳይ ኖቲፊኬሽን በደንስት ነባሪ አሠራር ጊዜው ዜሮ ነው፣ ማለትም እስኪዘጋ አይሄድም። ቻርጀሩን ሰክቼ ባትሪው 60 ደርሶ ቀዩ ሳጥን «9 ቀርቷል» እንዳለ ተቀምጧል። የደንስት መቆጣጠሪያው ደንስት-ሲቲኤል የመዝጊያ ትእዛዝ አለው፤ ግን የሚዘጋው በጊዜው ከላይ ያለውን ነው፣ የሌላ ሰው መልእክት ሊሆን ይችላል። ስታክ ታግ የጠቀመው እዚህ ነው፦ ቻርጀር መሰካቱን ሲያይ ስክሪፕቱ በዚያው ታግ «እየሞላ ነው» የሚል ዝቅተኛ ደረጃ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ቀዩን ይተካዋል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

በነገራችን ላይ የጊዜ መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። ደንስት ኮንፊግ ላይ ቁጥሩ በሰከንድ ነው፤ ኖቲፋይ-ሰንድ ላይ በሚሊሰከንድ። ለኖቲፋይ-ሰንድ 5 የሰጠ ሰው ሳጥኑን ሳያየው ያልፋል፣ ከዚያ ደንስት አይሠራም ይላል። ከስክሪፕቶቼ ሁሉ ጊዜ የሚወስነውን ክፍል አወጣሁ። ላኪው ደረጃውን ይናገር፣ ጊዜውን ኮንፊጉ ይወስን።

ክሮን ላይ ዝምታ

የባካፕ ስክሪፕቱ በእጅ ሲነሣ ኖቲፊኬሽን ይልካል፤ በክሮን (ስክሪፕት በቀጠሮ ሰዓት የሚያስነሣ ፕሮግራም) ሲነሣ አይልክም። ስሕተት እንኳ አይታይም፣ ክሮን የስሕተት መልእክቱን የሚልከው በኢሜል ስለሆነና ማሽኑ ላይ ኢሜል ስላልተዘጋጀ። ውጤቱን ወደ ሎግ ፋይል ሳዞረው ሁለት የተለያየ ችግር ተገኘ።

አንዱ፦ ክሮን የተጠቃሚውን የዲ-ባስ አድራሻ አያውቅም። አድራሻው በተጠቃሚው የራን ፎልደር ውስጥ ያለ «ባስ» የሚባል ሶኬት ነው፤ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል መሰጠት አለበት። ሰጠሁት።

ሁለተኛው አስገራሚው ነው። አድራሻው ከተሰጠም በኋላ «የተሳሳተ የባይት ቅደም ተከተል» የሚል ስሕተት ወጣ። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስቀይረው ይሄዳል፣ በግዕዝ ስጽፈው ይወድቃል። ክሮን ቋንቋና የፊደል ኮድ የሚናገረውን፣ ላንግ የሚባለውን ቫሪያብል ባዶ ስለሚተው ኖቲፋይ-ሰንድ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (ግዕዝንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) መሆኑን አያውቅም፤ ከአስኪ (ከመሠረታዊው የላቲን ፊደል) ውጪ ያለውን ሁሉ አይቀበልም። ለላንግ የዩቲኤፍ-8 ስሪት መስጠት በቂ ነበር። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ግድግዳ ፈጽሞ አይነካውም፤ ለዚያ ይሆናል ብዙ መመሪያ የማይጠቅሰው።

ሁለቱም ከተስተካከለ በኋላ ግን ባካፑን ከክሮን አውጥቼ ወደ ሲስተም-ዲ የተጠቃሚ ታይመር ወሰድኩት፤ የዲ-ባስ አድራሻው እዚያ ዝግጁ ነው፣ ሎጉም አብሮ ይመጣል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደንስትን ሲስተም-ዲ ወይም ዲ-ባስ የሚያስነሣው ከሆነ የዲስፕሌይ ቫሪያብሉ ሊደርሰው ይገባል፣ ካልሆነ ስክሪን አላገኘሁም ብሎ ይወድቃል። አይ-ስሪ ሲነሣ ቫሪያብሉን ወደ ሲስተም-ዲ የሚያስገባ መስመር ጨመርኩ።

ማን ይግባ፣ ማን ይቅር

የሕግ አጻጻፉ ቀላል ነው። የፈለግኩትን ስም የሰጠሁት ክፍል፣ ማጣሪያ፣ ከዚያ የሚደረገው። ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች ይታያሉ፤ የኋላው የፊተኛውን ይሽራል። ሰፊውን ከላይ፣ ልዩ ሁኔታውን ከታች ማድረግ ነው።

አስቸጋሪው ፕሮግራሙ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ማወቅ ነው። ገምቼ የጻፍኳቸው አልያዙም፤ ማጣሪያው ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ ከፊል ቃል እንዲይዝ ደግሞ በሁለቱም ጎን ኮከብ ይፈልጋል። መገመቱን ትቼ ደንስት-ሲቲኤልን ሂስትሪ ጠየቅኩት፤ በጄሰን (በተደራጀ ጽሑፍ) መልክ ስሙን፣ ርእሱን፣ ጽሑፉን ሁሉ ያወጣል፣ ጄሰን በሚያነበው ጄኪው ማየት ነው።

ብራውዘር ላይ ሌላ ነገር አለ፦ የሁሉም ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን በብራውዘሩ ስም ነው የሚመጣው። ክሮምየም ግን የድረ ገጹን አድራሻ በዝርዝር ጽሑፉ መጀመሪያ ስለሚያደርግ በጽሑፉ ማጣራት ይቻላል። ብራውዘሩን በሙሉ ዝቅተኛ ደረጃ አድርጌ፣ የካላንደሩን አድራሻ ብቻ ከታች በሌላ ሕግ ወደ መደበኛ አወጣሁት። የሙዚቃ ማጫወቻው «አሁን የሚሰማው» የሚለው ጭራሽ አይታይም፤ ሂስትሪ ውስጥ ግን አለ።

ቪዲዮ ሙሉ ስክሪን ሲሆን መደበኛውና ዝቅተኛው እንዲዘገዩ፣ አስቸኳዩ ብቻ እንዲወጣ አደረግኩ። ይህ ሦስት መስመር ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ስክሪኑ ሲቆለፍ

ስክሪኑ ተቆልፎ የቻት መልእክት ከመቆለፊያው በላይ ብቅ ሲል አየሁ፣ ከነጽሑፉ። መቆለፊያው ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ሳጥኑ ግን ለአላፊ አግዳሚው ያነባል።

መፍትሔው ከመቆለፍ በፊት ደንስትን ፖዝ ማድረግ፣ ሲከፈት መመለስ ነው። በሦስት መስመር ጻፍኩት፤ አልሠራም። መቆለፊያው አይ-ስሪ-ሎክ ሲነሣ ራሱን ወደ ጀርባ ይልክና ስክሪፕቱን ይለቀዋል፤ ስለዚህ ፖዙ ወዲያው ይነሣል። ወደ ጀርባ አትሂድ የሚል አማራጭ አለው። እሱን ስጨምር ስክሪፕቱ እስኪከፈት ይጠብቃል።

በፖዝ ጊዜ የመጣው አይጠፋም፣ ይሰለፋል። ስከፍት ሁሉም አብሮ ይፈስሳል። በአንድ ጊዜ የሚታየውን በ5 ገደብኩት፤ የተረፈው ስንት እንደሆነ ከታች ይጻፋል። የሰልፉን ብዛት ደንስት-ሲቲኤል ስለሚቆጥር ቁጥሩን ባሩ ላይም አወጣሁት።

ፖዙ ግን ባትሪውንም ዝም አሰኘው። አዲሶቹ ቨርዥኖች የፖዝ ደረጃ አላቸው፣ አንዳንዱ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል፤ 1.9 የለውም። ለዚህ ብዬ ከምንጭ ኮድ አልገነባም። ይልቅ የባትሪ ስክሪፕቱ 5 ላይ ሲደርስና አሁንም እየጎደለ ከሆነ ማሽኑን ሰስፔንድ ያደርገዋል። ሰስፔንድም ቢሆን ቀስ እያለ ይበላል፤ ሃይበርኔት ይሻል ነበር፣ ግን ለሱ የሚበቃ ስዋፕ (ሜሞሪው የሚገለበጥበት የዲስክ ቦታ) የለኝም።

የቀረ

ፓስወርድ ማረጋገጫ ኮዶች ሂስትሪ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በጽሑፉ የሚያጣራ ሕግ ያስፈልጋል፣ ግን እያንዳንዱ አገልግሎት በተለየ ቃል ስለሚጽፍ አንድ ማጣሪያ አይበቃም። ለጊዜው የሂስትሪውን ርዝመት ከ20 ወደ 10 አውርጄዋለሁ። ሁለተኛ ሞኒተር ሲሰካ ሳጥኑ ማውሱ ያለበትን ስክሪን እንዲከተል ተቀይሯል፤ በፕሮጀክተር ግን ገና አልተሞከረም። ኮንፊጉ፣ የሰርቪስ ፋይሉና ስክሪፕቶቹ ጊት (ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተዋል።